ሞቱን የሚያከራየው ሰው

ፒርዲል በሕይወቱ የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ መራመድ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ነጭ ጥምጥሙን ከሩቅ እንዲታይ ከፍ አድርጎ፣ ከሰዎች ፊት ፊት ይራመዳል። ጠመንጃ አይይዝም። ዱላ እንኳ የያዘው ጉልበቱ ከከዳው በኋላ ነው። ከኋላው በቅሎዎች፣ ውሃ ቀጂዎች፣ አንዳንዴም ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ፈረንጅ ይከተሉታል። ፒርዲል ከፊት እስካለ ድረስ ግራና ቀኝ ከየቋጥኙ ጀርባ የተጋደመው ጠመንጃ ሁሉ ዝም ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው በዚያ ተራራ በድራጋ ይሉታል። የበድራጋ ጋሻው የገዛ ሬሳው ነው። ፒርዲልን የነካ ባራምኼልን በሙሉ ነካ ማለት ነው፤ የባራምኼል ጎሳ ደግሞ ወንዱ ብዙ፣ ቂሙ ረጅም ነው። የመንደሩ ሰው "ፒርዲል ምን ሠርቶ ይበላል?" ሲባል፣ "ሞቱን እያከራየ" ይላል። ፒርዲል ቢሰማም አይቆጣም።

"ተከራዩ ደግ ነው፤ እስካሁን ቤቱን አላፈረሰብኝም" ይላል።

ሥራው አንድ ሕግ አለው። በድራጋ አንዴ ከፊት ከቀደመ፣ የተከተለው ሰው ደጃፉ ደርሶ "ከእጅህ ወጥቻለሁ" እስኪለው ድረስ አይፈታም። አንድ የጨው ነጋዴ ከድካሙ የተነሣ ይህን ሳይል እንቅልፍ ቢጥለው፣ ፒርዲል እስኪነጋ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠብቆታል። ነጋዴው ጠዋት ሲወጣ እግሩ ሥር በበረዶ የነጣ ሰው አገኘ። ከዚያ ወዲህ ያ ነጋዴ ሳይሰናበት የተኛበት ቀን የለም።

ምሽጉ ሳርኮት ይባላል። እንደ ተላጨ ራስ በተራቆተ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ሸለቆውን ሁሉ ያያል፤ ውሃ ግን የለውም። ፈረንጆቹ አንድ በጋ ሙሉ አለት ሲቆፍሩ ቆይተው ከጉድጓዱ ያወጡት አቧራ ነው። ውሃው ከታች ነው፤ በጠባቡ ገደል ውስጥ፣ ከዱር በለስ ሥር፣ ከቋጥኝ ከንፈር ላይ እንደ ምሥጢር እየተንሾካሾከ ይወጣል። በየጠዋቱ የምሽጉ በር ይከፈትና ፒርዲል ይወጣል፤ ከኋላው የውሃ ቀጂዎች አለቃ ቡታ ይከተላል፤ ከቡታ ኋላ ባዶ ስልቻ የተጫኑ በቅሎዎች ይከተላሉ። ሲመለሱ ቡታ በሩ ላይ ጥምጥሙን አስተካክሎ "ከእጅህ ወጥቻለሁ" ይላል፤ ፒርዲልም ራሱን ነቅንቆ በአጥሩ ጥላ ሥር ቁጭ ይላል።

ቡታ ከታች ከሜዳው አገር የመጣ፣ አጭርና ጥቁር፣ ከሰው ይልቅ ከበቅሎ ጋር ብዙ የሚያወራ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ገደሉን አይቶ አልወርድም ሲል፣ ፒርዲል እጁን ጥምጥሙ ላይ ጭኖ፣ "የዓመቱ እንጆሪ ተበልቶ እስኪያልቅ፣ በሄድክበት ከፊትህ ነኝ" ብሎታል። ቡታ በየዓመቱ እንጆሪ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይወርዳል፤ በመከር ይመለሳል፤ ሲመለስም ፒርዲል ያንኑ ቃል ይደግምለታል።

ፒርዲል ሥራውን የመረጠው ለእንጀራ ብቻ አይደለም። ደም አለበት። በወጣትነቱ አንድ ማለዳ፣ በመስኖ ተራ ተጣልቶ ሳህላን የሚባል ሰው በአካፋ ገድሏል። ተራው የማን እንደነበር ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የሳህላን ወንድም አዝሚር ግን አይከራከርም። የሹዳኼል ጎሳ ሰው ነው፤ ሹዳኼል ወንዶቹ ሁሉ አንድ ምንጣፍ የሚበቃቸው ትንሽ ቤት ነው፤ ሆኖም ደም ደም ነው። አዝሚር ከሸለቆው ማዶ የድንጋይ ግንብ ሠራ፤ የግንቡን መተኮሻ ቀዳዳ ፊት ለፊት ወደ ፒርዲል ደጃፍ አዞረው፤ ከዚያም ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። በድራጋ ግን ከፊት እየሄደ ሳለ ደመኛው እንኳ አይነካውም። ፒርዲል መራመድ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚስቱ ዘርጎና በየማለዳው በር ከመክፈቷ በፊት በስንጥቁ አሾልቃ ማዶ ታያለች። ቀዳዳው ጨለም ካለ ሰው አለ ማለት ነው።

"ጣውንቴ ነቅታለች" ትላለች፤ አዝሚርን ማለቷ ነው። "ዛሬ በጓሮ ውጣ።"

አንድ ጸደይ የምሽጉ ፈረንጅ ሻምበል መንገድ ሊያስቆርጥ ተነሣ፤ በላይኛው ሸለቆ፣ ከአባቶች መቃብር ሥር፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው እንጨቶች አስተከለ። ምን እንደሠራ ያላወቀው ምናልባት እሱ ብቻ ነበር። ከሦስት ጁምዓ በኋላ ከበሮ ተመታ። የላይኛው ሸለቆ ወንዶች ዱቄታቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ጠመንጃቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወረዱ። ሲመሽ በኮረብታው ሁሉ ላይ እሳት ታየ፤ ሰማዩ ወርዶ ዙሪያውን የተቀመጠ ይመስል ነበር።

በማግስቱ የባራምኼል ሽማግሌ የሆነው የፒርዲል የአጎት ልጅ ኻዋስ ወደ ምሽጉ በር መጣና ፒርዲልን አስጠራው።

"ስማችንን ካንተ ላይ አንስተናል" አለው።

"መቼ?"

"ትናንት። ሸንጎ ተቀምጠን ተስማማን። ባራምኼል ከጦሩ ጋር ነው። በል ጫማህን አጥብቅና ወደ ቤትህ።"

"እንጆሪ እስኪያልቅ ቃል አለብኝ።"

"ለማን? ለዚህ ለቀይ ሰውዬ?"

"ለቡታ።"

ኻዋስ ሳቀ። "ለውሃ ተሸካሚው? ቁርጭምጭሚቱ እንደ ፍየል ለሚንቀጠቀጠው ለቆላው ሰው?"

"እጄን ጥምጥሙ ላይ አድርጌያለሁ፣ ኻዋስ። ጥምጥም ጥምጥም ነው፤ ከሥሩ ያለውን ራስ እኔ አልመረጥኩም።"

"እንግዲያው ያለኛ ስም ሂድ። እስከ ምሽት ማንም አይነካህም። ከዚያ በኋላ ግን የእናትህ ልጅ ብቻ ነህ።"

"እናቴም የወለደችው አንድ ነው" አለ ፒርዲል። "ብቻዬን መሆን ለምጃለሁ።"

ስሙ የተነሣበት በድራጋ የሚከተሉትን ሳያሳውቅ አንድ እርምጃ መራመድ ነውር ነው። ስለዚህ ገብቶ በሻምበሉ ፊት ቆመ፤ ከተራራው ልጆች የተመለመሉትን የምሽጉን ወታደሮች የሚያዝዘው የአገሩ መኮንን ሚርዛሊ ቃል በቃል ተረጎመ።

"ከነገ ጀምሮ ከፊታችሁ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው በልልኝ።"

ሻምበሉ ግራ ገባው። "እስከ ዛሬስ ስንት ነበር?"

ሚርዛሊ ይህን ለመተርጎም አፈረና ጺሙን አከከ።

ሻምበሉ የራሱን መንገድ ሞከረ። በማግስቱ ወታደር አጅቦ በቅሎዎቹን ላከ። አንድ ወታደርና ሁለት በቅሎ ምንጩ ጋ ቀሩ፤ በጥይት የተበሱት ስልቻዎች ዳገቱን ሁሉ በቀጭን ክር እያጠጡ ተመለሱ። አቧራው ወዲያው ጠጣው። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ።

የተከበበ ምሽግ ሕይወት ብዙ ድምፅ የለውም። ወታደሮቹ የበቆሎ ቂጣቸውን ያለ ውሃ እያላመጡ፣ ለመዋጥ አንገታቸውን እንደ ዶሮ ወደ ላይ ያነሣሉ። ማዶ ካለው ጦር ውስጥ ወንድም ያለው ወታደር ሲመሽ ወንድሙን በስሙ እየጠራ ይሳደባል፤ ወንድሙም ስድቡን መልሶ ስለ እናታቸው ጤና ይነግረዋል። ግንቡ አናት ላይ አንድ ጎረምሳ በመስታወት ፀሐይን እየቆራረጠ ወደ ሩቅ ምሽግ ይልካል፤ ከተራራው ማዶም የፀሐይ ፍንጣሪ "ታገሡ" እያለ ይመለሳል። ብርሃን እንዲያ ሩቅ ሄዶ እንዲያ ትንሽ ነገር ብቻ ይዞ መመለሱ! ሻምበሉ በቆርቆሮ የተከላት አንዲት አበባ ነበረችው፤ ጺሙን የተላጨበትን ውሃ ያጠጣት ነበር። ቀጥሎ ጺሙን መላጨት ተወ። ቀጥሎም አበባዋን ማየት ተወ።

በቅሎዎቹ ጠዋት ጠዋት የግንቡን ድንጋይ በምላሳቸው መላስ ጀመሩ። ቡታ አንዷን በቅሎ አንገቷን አቅፎ ፒርዲልን ጠራው።

"ለምንድነው የማትሄደው? የቤትህ ጭስ እኮ ከዚህ ይታየኛል።"

"ከሄድኩ ምንጩ ጋ ማን ይወስድሃል?"

"አንተም አትወስደኝ! ቃልህን መልሼልሃለሁ፣ ወንድሜ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሂድልኝ።"

"አንተ መመለስ አትችልም። የገበያ ዕቃ መሰለህ እንዴ?"

ቡታ ወደ በቅሎዋ ዞረ። "ሰማሽው? የዚህ አገር ሰው ከአንቺም ይብሳል።"

ፒርዲል ያን ቀን በአጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማዶ ማዶውን ሲያይ ዋለ። የጎሳው ስም የለውም። የጦሩ ሰው ደግሞ ግማሹ ከላይ የመጣ፣ ማን ማን እንደሆነ የማያውቅ ጎረምሳ ነው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ የእሱ መሞት የሚያሳስበው ሰው ማን አለ? ማዶ ያለችው የግንብ ቀዳዳ ላይ ዓይኑ አረፈ።

በማግስቱ ማለዳ አጥሩ ላይ ወጥቶ ቆመና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

"አዝሚር! የሹዳኼሉ አዝሚር! አለህ?"

ገደሉ ስሙን ደጋግሞ መለሰው። ከዚያ ከማዶ ድምፅ መጣ።

"የት እሄዳለሁ! ቀብርህን እየጠበቅኩ ነው!"

"ባራምኼል ጥሎኛል! ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ! ዘመዶችህ ዘግይተው ልብ ገዙ!"

"አሁን ማንም ሊገድለኝ ይችላል! ያ የላይኛው ሸለቆ ጎረምሳ፣ አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርገው፣ እሱም ይችላል! የሳህላንን ስም እንኳ አያውቅም! አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀህ፣ እሱ በአንድ ጥይት ይነጥቅሃል! ሴቶች ወንዝ ላይ ምን ይላሉ መሰለህ? አዝሚር ማሳውን ሲጠብቅ ኖሮ እህሉን ዝንጀሮ በላበት ይላሉ!"

በኮረብታው ሁሉ ላይ ሰው እየሳቀ ከቋጥኝ ኋላ ራሱን ብቅ አደረገ።

"ምን ትፈልጋለህ፣ አንተ የውሻ ልጅ?" አለ አዝሚር በመጨረሻ።

"ምንጩ ልወርድ ነው! ደሜ ያንተ ነው፣ የሌላ አይደለም! ከፈለግህ እዚያው ውሰደው! ግን ቡታ ስልቻውን እስኪሞላ ጠብቀኝ!"

ከዚያ የአዝሚር ድምፅ ተሰማ፤ ይህኛው ወደ ምሽጉ አልነበረም። "ስሙኝ፣ ሰዎች! የዚህ ሰውዬ ደም የቤቴ ደም ነው! ጥይታችሁ ብትስት፣ ከድንጋይ ነጥራም ብትነካው፣ ከደጃችሁ መጥቼ ደሙን ከእናንተ እፈልጋለሁ!"

"በቅሎዎቹስ?" ብሎ አንዱ ጮኸ።

"በቅሎውን ከሰውየው ነጥለህ መምታት ትችላለህ? አትችልም! እንግዲያው አፍህን ዝጋ!"

በሩ ተከፈተ። ፒርዲል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወጣ። ቡታ ከኋላው የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ አንድ ላይ እየደባለቀ ይከተል ነበር።

አዝሚር ምንጩ አጠገብ፣ ከበለሱ ሥር፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ተቀራርበው ሲተያዩ ጸጉራቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ስልቻው ሲሞላ ውሃው ብቻ ይሰማ ነበር፤ በቅሎዎቹ አፋቸውን ነክረው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አርጅተሃል" አለ አዝሚር።

"አንተም ከቀዳዳው ውጪ ስትታይ አጭር ነህ።"

"የመጨረሻው ስልቻ ነው?"

"የመጨረሻው ነው።" ፒርዲል ቀና ብሎ ቆመ። "እነሆኝ።"

አዝሚር መሬት ላይ ተፋ። "እኔ ውሃ ላይ ሰው አልገድልም። እሱ ያንተ ቤት ሙያ ነው።"

ፒርዲል ፊቱ ደም መሰለ። ዞረና መንገድ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ከላይ ከገደሉ ጫፍ ሁለት የላይኛው ሸለቆ ልጆች ጠመንጃቸውን ሲያነጣጥሩ አዝሚር አያቸው። ቱግ አለ። "ምን አልኳችሁ!" እያለ፣ እየተሳደበ፣ ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ ፒርዲልን አለፈውና ደረቱን ለጠመንጃዎቹ ሰጥቶ ከፊት ከፊቱ መሄድ ጀመረ። ልጆቹ ጠመንጃቸውን አወረዱ።

ከዚያ ከባራምኼል ኮረብታ የኻዋስ ሳቅ እንደ ናዳ ወረደ።

"እዩት! እዩት! ከፊት ቀደመ! አዝሚር ለደመኛው በድራጋ ሆነ!"

አዝሚር ባለበት ቆመ። እግሩን ወደ ታች አየ፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል። ተራራው በሙሉ አይቶታል፤ የረገጠውን መልሶ ማንሳት አይቻልም።

"ሂድ እንጂ" አለው ፒርዲል ከኋላው በቀስታ። "ውሃው ይሞቃል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አዝሚር ምንጩ ጋ ይጠብቃል፤ ከፊት እየቀደመም እስከ ምሽጉ ሥር ድረስ ይሸኛል። መንገዱን ሙሉ ይጣላሉ። "ቀስ በል፣ አንተን ሊከተል ሰው ፍየል መሆን አለበት" ይላል አንዱ። "ሥራህ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ጀርባዬን እንዴት እንደሚበላኝ" ይላል ሌላው። ቡታም በሩ ላይ ለፒርዲል "ከእጅህ ወጥቻለሁ" ይላል። ፒርዲል ግን ለአዝሚር ምንም አይልም። ምሽጉ የእሱ ደጃፍ አይደለም።

ጥቃቱ አልመጣም። መሰላል ተሠርቶ ነበር፤ ቀንም ተቆርጦ ነበር፤ ግን ታች ገብሱ መብሰል ጀመረ፤ የዘማቹም ዱቄት አለቀ። ሰዎቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ፣ እንደ ማለዳ ጤዛ፣ ሳይሰናበቱ ጠፉ። ሻምበሉ ይህን ምሽጉ ላይ የተከለው መድፍ ያደረገው መስሎት ተደሰተ፤ መንገዱንም ለሌላ ጊዜ አቆየው። እንጆሪው ሲያልቅ ቡታ ጣቱና ከንፈሩ እንደ ጠቆረ ወደ አገሩ ወረደ። የፒርዲልን ሁለት እጆች ይዞ፣ ለበቅሎዎቹ እንደሚያደርገው ግንባሩን ግንባሩ ላይ አሳርፎ፣ ብዙ ቆየ።

ፒርዲል ወደ ቤቱ ሲነሣ አዝሚር በምሽጉ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ና እንግዲህ" አለ አዝሚር። "ደጃፍህ ላይ ላድርስህና ቃሉን በል። ከዚያ ወደ ግንቤ እሄዳለሁ። ነገ እንደ ድሯችን።"

ዘርጎና ባሏን ከጣውንቷ ኋላ ሲመጣ አየችው። ሁለት ሰሃን አሬራ ይዛ ወጥታ አንዱን ለአዝሚር ሰጠችው። አዝሚር ቆሞ ጠጣ። ጠበቀ። ፒርዲል ደጃፉን አየ፤ ጣራውን አየ፤ የበሩን ማጠፊያ ነካ ነካ አደረገ።

"ምነው፣ ቃሉ ጠፋህ?" አለ አዝሚር።

"መጪው ጁምዓ ገበያ አለብኝ" አለ ፒርዲል። "መንገድ ላይ ነኝ። ገና አልደረስኩም።"

አዝሚር የሰደበው ስድብ በሸለቆው እስከ ዛሬ ይነገራል፤ የዘርጎና ሰሃን ግን ከእጁ አልወደቀም። ጁምዓ መጣ። አዝሚር ወደ ገበያ ከፊት ቀድሞ ሄደ።

እንዲህ ዓመታት ሄዱ። ፒርዲል ሠርግ ሲጠራ አዝሚር ሳይጠራ ይሄዳል። ፒርዲል ሲያስለው አዝሚር ይቆጣል፤ "ሳል ሊነጥቀኝ ነው!" እያለ ማር ይልካል። የግንቡ ቀዳዳ ውስጥ ወፎች ገብተው ጎጆ ሠሩ። ሰው አዝሚርን ሲጠይቀው፣ "ታስሬያለሁ" ይላል፤ "ውሸታም ነው፤ በገዛ ቤቱ በር ላይ እየቆመ አልደረስኩም ይላል።"

አንድ የበልግ ቀን ግን አዝሚር ወደቀ። ሰውነቱ በአንድ ወገን በድን ሆነ። ፒርዲል ሰማ። ዱላውን አንሥቶ ወጣ።

"የት ነው?" አለች ዘርጎና።

"ሰውየው እንደታሰረ ሊሞት ነው።"

"ከፈታኸው ደሙ ለልጁ ያልፋል። ኑራን ወጣት ነው፤ እንደ አባቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ!" አለች። ከዚያም ጥምጥሙን አስተካከለችለት።

በአዝሚር ግንብ ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። አልጋው ራስጌ ተቀመጠ። አዝሚር በደህናው ዓይኑ አየው፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል።

"ደረስኩ፤ እንዲያውም ደጃፌ ከደረስኩ ቆየሁ" አለ ፒርዲል። "ከእጅህ ወጥቻለሁ።"

አዝሚር በሩ ላይ ወደ ቆመው ልጁ ወደ ኑራን ዓይኑን አዞረ። "ሰማህ?" አለ በከባድ ምላስ። "ነፃ ነኝ።"

ፒርዲል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከፊቱ የሚሄድ ማንም አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ወደ ኋላ አላጣመረም፤ የት እንደሚያደርገው ግን አላወቀም። ምንጩ ጋ ሲደርስ ውሃ ጠጣና ከበለሱ ሥር ቁጭ አለ። ብዙም ሳይቆይ ኑራን ጠመንጃውን ይዞ ወረደ።

"ተነሣ አጎቴ" አለ። "እዚህ ውሃው ላይ አልችልም።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው የተቀመጥኩት።"

"ማታ ድረስ ልትቀመጥ ነው?"

"ጉልበቴ እስኪያርፍ። ና አንተም ጠጣ፤ ፊትህ አቧራ ነው።"

ኑራን ጥቂት አመነታ። ጠመንጃውን በለሱ ላይ አስደግፎ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። በዚያው ጎንበስ እንዳለ ከግንቡ የሴቶች ጩኸት ተሰማ፤ አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ብዙ። ኑራን ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቀና አለ። አንድ ጊዜ ወደ ፒርዲል፣ አንድ ጊዜ ወደ ግንቡ አየ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ረስቶ ሮጠ።

ፒርዲል ጠመንጃውን አንሥቶ፣ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞ፣ ከኋላው ዳገቱን ወጣ። ለቀስተኛ ላይ አይተኮስም፤ አሁን ደግሞ ሁለቱም ለቀስተኞች ናቸው።

አዝሚር በማግስቱ ተቀበረ። የሹዳኼል ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ባራምኼልም ቃሬዛውን ተሸከመ። ፒርዲል ጉልበቱ ስለማይችል አልተሸከመም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ነጭ ጥምጥሙን ከፍ አድርጎ፣ ከቃሬዛው ፊት ፊት ሄደ። ማንም ተመለስ አላለውም። ኑራንም ከኋላው የአባቱን ራስጌ ይዞ የእርምጃውን ልክ ተከተለ።

ደሙ እስከ ዛሬ የኑራን ነው። ወፎቹን ከቀዳዳው አላባረራቸውም። "ደሙን የምትመልሰው መቼ ነው?" ብለው ሲያሾፉበት ትከሻውን ይነቀንቃል።

"እህሉ ይግባ" ይላል። "ምን ያስቸኩለኛል።"